ሁለት ሳምንት በጅቡቲ ባሕር ዳር

አንባቢዎቼ ሆይ! ከመካከላችሁ ባሕርን በዓይኑ ያየ ስንቱ ነው? ይህን መጠየቄ ማንንም ለማሳፈር አይደለም። እኔ ራሴ ለተማሪዎቼ ስለ ቀይ ባሕር፣ ስለ ኤደን ባሕረ ሰላጤና ስለ ባብ ኤል መንደብ ሦስት ዓመት ሙሉ ካስተማርሁ በኋላ ነው ባሕር ምን ምን እንደሚሸት ያወቅሁት። በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ በሰማያዊ ጠመኔ አሰምረው የነበረው ነገር ሲቀርቡት የጨውና የዓሣ፣ ትንሽም የናፍጣ ሽታ አለው። ሰማያዊም አይደለም። ጧት ግራጫ ነው፤ ቀትር ላይ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲመሽ ደግሞ የቡና አተላ ይመስላል።

ወደ ጅቡቲ የወሰደኝ አገር የማየት ፍቅር አልነበረም፤ ትዳር ነው። ባለቤቴ በዚያ ከተማ በአንድ የዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ቤት በጸሐፊነት ትሠራለች። እኔ በድሬዳዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ ከዚህም ውስጥ አሥራ አራቱን ወር የኖርነው እሷ በፍራንክ፣ እኔ በብር እየቈጠርን በየፊናችን ነው። ጥር 2017 ዓ.ም ሲያልቅ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ታርሞ ሁለት ሳምንት ዕረፍት ስላገኘሁ ሻንጣዬን አንሥቼ በባቡር ተሳፈርሁ።

ስለ ባቡሩ ጥቂት ልንገራችሁ። አሮጌው የምድር ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። ድሬዳዋ ራሷ የዚያ ባቡር ልጅ ናት ቢባል ሐሰት አይሆንም። ዛሬ መንገደኛ የሚያመላልሰው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲሆን ሥራውን በይፋ የጀመረው ታኅሣሥ 2010 ዓ.ም ነው። ሐዲዱ ከቀድሞው ሰፋ ያለ ነው፤ ጣቢያዎቹም ከከተማው ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ የድሬዳዋ ሰው «ለገሃር» ብሎ ከዚራ መካከል መሳፈር ቀርቶበት እስከ ጣቢያው ድረስ ሌላ መኪና ይፈልጋል። በደወሌ ጠረፍ ወረቀት ይመረመራል፤ ከዚያም መሬቱ እየጠቈረ፣ ግራሩ እየሳሳ ሄዶ ናጋድ ከሚባለው የጅቡቲ ጣቢያ ያደርሳችኋል። ለመሄድ የምታስቡ ሁሉ ስለ ፓስፖርትና ስለ ፈቃድ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በጠረፍ ላይ መከራከር ለማንም አልጠቀመም።

ባለቤቴ በጣቢያው በር ላይ ቆማ ነበር። ጠቆር ብላለች፤ ከሳ ማለቷን ግን አልነገርኋትም። በታክሲ ስንሄድ የመጀመሪያው ንግግሯ «ሰዓትህን አስተካክል» የሚል ነበር። የሁለቱ አገር ሰዓት አንድ ነው፤ አቈጣጠሩ ግን ይለያያል። እኛ ሁለት ሰዓት ስንል እነሱ ስምንት ይላሉ፤ ስምንት ስንል ደግሞ እነሱ ሁለት ይላሉ። በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ ሁለታችን በተለያየ ቦታ ለስድስት ሰዓት ስንጠባበቅ ልንውል ምንም አልቀረንም።

ያን ዕለት ማታ ከመሳቢያዋ ላይ አንድ ደብዳቤ አየሁ። የሥራ ውሏ ሊያልቅ ስለሆነ ድርጅቱ ለሁለት ዓመት ያድስላት እንደሆነ መልሷን እስከ የካቲት 9 እሑድ ጧት ድረስ እንድትሰጥ ይጠይቃል። እኔ ማንበቤን አልነገርኋትም፤ እሷም ደብዳቤው እንዳለ አልነገረችኝም። ሁለታችንም እንዲህ አድርገን ነው ሽርሽር የጀመርነው።

ጅቡቲ ለእግረኛ ከተማ ናት፤ ለእግረኛ ኪስ ግን አይደለችም። ፍራንኩ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር ወደ 178 ፍራንክ ገደማ እንደሆነ አለ። የእኛ ብር ግን ሐምሌ 2016 ዓ.ም በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በስድስት ወር ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሄዷል። ይህ ማለት የባለቤቴ ደመወዝ እሷ ምንም ሳታደርግ ከእኔ ደመወዝ በየሳምንቱ እየራቀ ሄደ ማለት ነው። ሒሳቡን በልቤ አውቀዋለሁ፤ እሷም ታውቀዋለች። የሠርጋችን ዕዳና የታናሽ ወንድሟ ትምህርት የሚከፈለው ከዚያ ነው።

እንግዲህ በጥቂት ፍራንክ ሁለት ሰዎች በጅቡቲ እንዴት ሊንሸራሸሩ እንደሚችሉ ላስረዳ። በማለዳ ከቤት መውጣት ያስፈልጋል። በጥርና በየካቲት አየሩ ለእኛም የሚስማማ ነው፤ ከግንቦት በኋላ ግን ኀምሲን የሚሉት ነፋስ ከበረሃው ሲነሣ ሙቀቱ ከአርባ ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ማንም አይንሸራሸርም። ጧት ምኒልክ አደባባይ ደረስን። የአደባባዩ የመንግሥት ስም «ሰኔ 27» ነው፤ ጅቡቲ ነጻነቷን ያወጀችበትን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የ1977 ዓመት፣ በእኛ ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም መሆኑ ነው፤ ያስታውሳል። ሰዉ ግን አሁንም ምኒልክ ይለዋል። በነጭ ኖራ የተቀቡ፣ ቅስት ደጀ ሰላም የመሰለ በረንዳ ያላቸው አሮጌ ቤቶች ይከቡታል፤ ከሥራቸው ቡና ቤቶች አሉ። እዚያ ተቀምጦ ቡና መጠጣት የአንድ ቀን ምሳ ያህል ያስወጣል። ስለዚህ እኛ ተቀምጦ የሚጠጣውን እያየን አልፈን ሁለት መንገድ ወረድ ብለን በጎዳና ላይ በቅመም የተፈላ ሻይ በወተትና ትኩስ ሳምቡሳ በላን። ባለቤቴ «ከዚያ የሚጠጣውም ሻይ ከዚህ አይበልጥም» አለችኝ፤ እኔም እንዳመንኋት ለማሳየት ራሴን ነቀነቅሁ።

ከአደባባዩ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የከተማው መልክ ይለወጣል። ፈረንጆቹ የሠሩት ሰፈር ያልቅና የሐሙዲ መስጊድ ይመጣል። ይህ መስጊድ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1906 የተሠራ ሲሆን ሚናሬቱ አጭርና ወፍራም ነው። ከፊቱ ያለው አደባባይ ዛሬ በማሕሙድ ሐርቢ ስም ይጠራል፤ ቀድሞ ግን በፈረንሳዊው ባለ ቅኔ በራምቦ ስም ነበር የሚጠራው። አካባቢው ሁሉ ገበያ ነው። ሽርጥ፣ ዕጣን፣ ሎሚ፣ ፕላስቲክ ሳህን፣ የድሬዳዋ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ የአወዳይ ጫት! ባለቤቴ ከአንዲት ሴት ጋር በሱማልኛ ዋጋ ስትከራከር ሰማኋት። እኔ የማውቃት ባለቤቴ በአማርኛ እንኳ ዋጋ መከራከር ታፍር ነበር። አሥራ አራት ወር ማለት ይህ ነው።

ጫት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከቀትር በኋላ ሰባት ሰዓት ገደማ ሲሆን መኪናዎች ጥሩንባቸውን እየነፉ በከተማው ውስጥ ይበርራሉ። ከአገራችን የመጣው ጫት ነው። በየማዕዘኑ ሴቶች በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ይጠብቃሉ፤ ሰው ይሰበሰባል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከተማው ጸጥ ይላል። ሱቁ ሁሉ ቀትር ላይ ተዘግቶ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አይከፈትም። ውሻ እንኳ ከጥላ ወደ ጥላ ሲዛወር ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስላል። ሥራ ፈላጊ ሆናችሁ በዚህ ሰዓት ወደ ቢሮ ብትሄዱ ዘበኛውን ቀስቅሳችሁ ስድብ ትሰማላችሁ።

የመጀመሪያው ትልቅ ወጪያችን ዓሣ ነበር። ባለቤቴ «ዓርብ እንሂድ» ብትልም እኔ ዓርብ ጾም መሆኑን አስታወስኋት። «ዓሣ ጾም አይደለም» አለች፤ እኔም «የእናቴ ቤት ደብረ ብርሃን ነው፤ እዚያ ነው» አልሁ። በዚህ ክርክር አንድ ምሽት አልፎ በስምምነት ኀሙስ ማታ ሄድን። የየመኖች ቤት ነው። ዓሣው ከጀርባው ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋል፤ በርበሬ ይቀባል፤ በጋለ የሸክላ ምድጃ ውስጥ ይገባና ከላይ ጠቍሮ ከውስጥ ነጭ ሆኖ ይወጣል። የሚቀርበው በወረቀት ላይ ነው። ከእሱ ጋር እንደ ነጠላ የሳሳ ትልቅ ቂጣ፣ በመጨረሻም ቂጣውን ከሙዝና ከማር ጋር ያሹት ሙክባዛ የሚባል ጣፋጭ ይመጣል። ሹካ ብሎ ነገር የለም። አንባቢዎቼ፣ በሐይቅ ዳር የበላችሁት ዓሣ ጥሩ ነው ብላችሁ ብትከራከሩኝ አልከራከራችሁም፤ ነገር ግን ይህን ሳትቀምሱ አትፍረዱ።

በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ ባለቤቴ አንድ ቀን ፈቃድ አግኝታ በጀልባ ወደ ታጁራ ተሻገርን። መርከቡ ሰውም፣ ፍየልም፣ መኪናም ይጭናል፤ ባሕረ ሰላጤውን ለመሻገር ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። ወደ መካከል ስንደርስ ዶልፊኖች ከጎናችን እየዘለሉ አጀቡን። እኔ ግን ያየኋቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ የቀረውን ሰዓት የመርከቡን ብረት ይዤ ወለሉን ስመለከት ነው ያሳለፍሁት። ባለቤቴ ሎሚ አሽትታኝ «የጂኦግራፊ መምህር!» እያለች ትስቅ ነበር። ካየኋት ጀምሮ እንዲህ ከልቧ ስትስቅ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ታጁራ ነጫጭ መስጊዶች ያሏት፣ ከኋላዋ የጎዳ ተራራ የቆመባት፣ ጸጥ ያለች የአፋር ሱልጣን ከተማ ናት። ጅቡቲ ገና ሳትፈጠር የሸዋ በር እሷ ነበረች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1841 ከእንግሊዝ መንግሥት ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተላከው ሻለቃ ሐሪስ ከዚህ ዳርቻ ተነሥቶ ከግመሎቹ ጋር ከአንድ ወር በላይ በዚያ ረመጥ ተጉዞ ነው አንኮበር የደረሰው። ራምቦም ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ ይዞ በ1885 መጨረሻ እዚሁ ደርሶ፣ መንገድ እስኪከፈትለት ድረስ ዓመት ያህል ተቀምጦ ጠብቋል። እኔ የአንኮበርን ብርድ በልጅነቴ አውቀዋለሁ። በታጁራ ዳርቻ በኮከብ የምትመስል ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ከዚህ አሸዋ ተነሥቶ እስከዚያ ጭጋግ ድረስ በእግር መሄድ ምን ማለት እንደሆነ ሳስብ፣ ለተማሪዎቼ «የንግድ መንገድ» ብዬ በአንድ መስመር ያለፍሁት ነገር አሳፈረኝ። ባለቤቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን በውሃው ውስጥ አድርጋ ነበር። «ራምቦ ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ ሚስት ነበረችው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልሰጠኋትም። ጥያቄው ስለ ራምቦ አልመሰለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

በጅቡቲ የዕረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ ነው፤ እሑድ ሰው ሁሉ ሥራ ይገባል። የመጨረሻው ዓርባችን የካቲት 7 ነበር። ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን ከከተማው በስተምሥራቅ ወዳለው ሲየስታ ወደሚባለው ዳርቻ ወረድን። ባሕሩ አልነበረም! በእውነት እላችኋለሁ፣ ከሁለት ቀን በፊት ውሃ ያየሁበት ቦታ ሁሉ እርጥብ አሸዋና ጭቃ ሆኖ እስከ ሩቅ ተዘርግቷል፤ ውሃው እንደ ቀጭን ክር ከአድማስ ሥር ይታያል። ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ወፎች ይለቅማሉ። ትንንሽ ሸርጣኖች ሰው ሲቀርብ በአንድነት ወደ ጕድጓዳቸው ይገባሉ። «እስከ ውሃው እንሂድ» አልሁ። ሄድን።

መንገዱ ረጅም ነበር፤ ለንግግርም የተመቸ ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄድን በኋላ ባለቤቴ ቆም አለችና «ደብዳቤውን አይተኸዋል አይደል?» አለች።

«አይቸዋለሁ» አልሁ።

«ታዲያ ስለ ምን ዝም አልህ?»

«አንቺስ?»

«እኔማ የምትለውን ልስማ ብዬ ነው።»

የምለውን ለሁለት ሳምንት አዘጋጅቼ ነበር፤ በአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። ቤቱ ባዶ መሆኑን፣ ጎረቤቶች «ሚስትህ መቼ ትመጣለች?» እያሉ ሲጠይቁኝ የምመልሰው ማጣቴን፣ ሁለት ዓመት ተጨምሮ ልጅ ሳንወልድ ሠላሳ ሊሞላን እንደሚችል ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኋት። እሷም በተራዋ ተቈጣች። «አንተ ጎረቤት ይጠይቅሃል፤ እኔን ማን ይጠይቀኛል? እኔ እዚህ ሰባት ሰዓት ሲሆን በሬን ዘግቼ የጣሪያውን ማራገቢያ ስቈጥር የምውል አይመስልህም? ግን ብመለስ ወንድሜን ማን ያስተምረው? ያንተ ደመወዝ?» አለችኝ። ይህ የመጨረሻው ቃል እንደወጣ ተጸጸተች፤ እኔ ግን ሰምቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ጀርባ ለጀርባ ቆመን እንደነበር አላውቅም።

መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። «ልጆቹ የት ሄዱ?» አለች። ዘወር ብዬ ብመለከት ኳስ ይጫወቱ የነበሩት ልጆች የሉም። ፀሐይ በከተማው ጣሪያ ላይ ዝቅ ብላለች። በእኛና በዳርቻው መካከል፣ ስንመጣ ደረቅ በነበረው ቦታ ላይ፣ ውሃ ያብረቀርቃል።

አንባቢዎቼ፣ እኔ ይህን በየዓመቱ አስተምራለሁ። የጨረቃና የፀሐይ ስበት የባሕርን ውሃ ያነሣዋል። ባሕሩ በሃያ አራት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጨረቃ ስትሞላና ስትጠፋ የሁለቱ ስበት በአንድ መስመር ስለሚተባበር ሙላቱም ጕድለቱም ከሌላው ቀን ይበልጣል። በጅቡቲ በእንደዚህ ያለው ቀን በሙላቱና በጕድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ ሦስት ሜትር ይጠጋል። ያን ዕለት ጨረቃ ከሞላች ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ይህን ሁሉ በፈተና ላይ ብትጠይቁኝ ከመቶ መቶ አገኛለሁ። ሆኖም በመጽሐፍ ያላነበብሁት አንድ ነገር ነበር፤ ውሃው በግንባር አይመጣም። እንደ አውራ ጎዳና ሜዳ የሚመስለው አሸዋ በውስጡ ዝቅ ዝቅ ያሉ ቦዮች አሉት። ውሃው መጀመሪያ በእነዚያ ቦዮች በዝግታ ይገባና በጀርባችሁ ይዞራል። እናንተ ገና ደረቅ አሸዋ ላይ ቆማችሁ ሳለ መመለሻችሁ ይቈረጣል። ደግሞ አሞላሉ እኩል አይደለም፤ በመጀመሪያው ሰዓት ጥቂት ይጨምራል፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሰዓት ይቸኩላል። እኛ የተጣላነው በሁለተኛው ሰዓት ላይ ነው።

መሮጥ ጀመርን። የመጀመሪያው ቦይ እስከ ጕልበት ነበር፤ ተሻገርነው። ሁለተኛው እስከ ወገብ ደረሰ። ባለቤቴ አንድ ጫማዋን ጭቃው ዋጠው። ሁለታችንም ዋና አናውቅም። «በዚህ በኩል ይሻላል» ብዬ ወደ ቀኝ ስስባት ከሩቅ በጠራ አማርኛ «በዚያ አይደለም! ቁሙ! ቁሙ!» የሚል ድምፅ ሰማን። አንድ ሽርጥ የታጠቁ ሽማግሌ የዓሣ ማጥመጃ ቅርጫት በትከሻቸው አድርገው ከስተግራችን በውሃው ላይ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። ሲቀርቡ ውሃው ከቍርጭምጭሚታቸው አያልፍም። ከሥራቸው ከፍ ያለ የአሸዋ ጀርባ አለ፤ ለማያውቀው ሰው አይታይም።

«እኔ ወደ ረገጥሁበት ርገጡ፤ እጅ ለእጅ ተያያዙ» አሉን። እጅ ለእጅ ተያያዝን። ባለቤቴ እጄን እስኪያመኝ ድረስ ጨመቀችው። ወደ ዳርቻው በቀጥታ አልወሰዱንም፤ ወደ ግራ ብዙ አዙረው፣ አንድ ጊዜም ወደ ባሕሩ መልሰው፣ በመጨረሻ ድንጋዩ ላይ ሲያወጡን ፀሐይ ጠልቃ ነበር። ወደ ኋላ ስንመለከት የቆምንበት ቦታ የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልንም። ሁሉም ባሕር ሆኗል።

ገንዘብ ላወጣ ኪሴን ስነካ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ተው። ከየት ነህ?»

«ከድሬዳዋ ነኝ፣ አባባ።»

ፊታቸው በራ። በወጣትነታቸው በአሮጌው ምድር ባቡር ላይ ሠርተው ድሬዳዋ ብዙ ዓመት ኖረዋል። «የከዚራ ዛፍ ጥላው አሁንም አለ?» ብለው ጠየቁኝ። አለ አልኋቸው። «ለገሃርስ?» ቤቱ አለ፣ ባቡሩ ግን አይገባበትም አልሁ። ጥቂት ዝም አሉና ወደ ባለቤቴ ዞረው «አንቺ ልጅ፣ ከሰው ጋር ስትጣዪ በየብስ ላይ ተጣዪ» ብለው ቅርጫታቸውን አነሡ። ከሩቅ ሆነው ያዩን እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባን።

ወደ ቤት የሄድነው በእግር ነው። እርጥብ ሰው የሚጭን ታክሲ አላገኘንም። ባለቤቴ በአንድ ጫማ፣ እኔ ውሃ በጠጣ ስልክ! በየመንገዱ ሰው እያየን ይሥቅ ነበር። ቤት ገብተን ሻይ እስኪፈላ ድረስ እሷ «ስለ ደመወዝህ የተናገርሁትን…» ስትል እኔ «እውነት ነው እኮ» አልኋት። ሒሳብ የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። ወረቀት አምጥተን የሠርጉን ዕዳ፣ የወንድሟን ክፍያ፣ የሁለቱን ቤት ኪራይ፣ የባቡሩን መሳፈሪያ ጻፍን። እስከ ዛሬ ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ አድርገን አይተነው አናውቅም ነበር። ዕዳው በአሥር ወር ያልቃል። የወንድሟ ትምህርት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ይቀረዋል። ሌሊቱ ሲጋመስ ከሁለት ዓመቱ አንዱን ተቀብላ ሌላውን ልትጠይቅ፣ እኔም የትምህርት ቤት ዕረፍቴን ሁሉ ልመጣና ከሰዓት በኋላ ተማሪ ማስጠናት ልጀምር ተስማማን። እኔን ደስ አላሰኘኝም፤ እሷንም አላስደሰታትም። ሁለታችንም ግን ተኛን።

እሑድ ጧት መልሷን ይዛ ሄደች። የሥራ መሪዋ አንዱን ዓመት ተቀበሏት፤ ለፋሲካ ተጨማሪ ፈቃድ ስትጠይቅ ግን እንቢ አሏት። እኔ በዚያው ቀን በገበያው አጠገብ ካለ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ዘንድ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የተጻፈ የፈረንሳይኛ መማሪያ ገዛሁ። የቀድሞው ባለቤቱ በየገጹ ጢም ሥሎበታል።

ሰኞ ናጋድ ጣቢያ ላይ ስንሰነባበት ባለቤቴ አራት ማዕዘን ያጠፈችውን ወረቀት በኪሴ ከተተችልኝ። ገንዘብ መስሎኝ ልመልስላት ስል «ባቡር ውስጥ ክፈተው» አለች። ከፈትሁት። እስከ ሰኔ ድረስ ያለው የጅቡቲ ባሕር ሙላትና ጕድለት ሰዓት ነበር፤ በቢሮዋ ካለው ዝርዝር በእጇ ገልብጣዋለች። ዓርብ ዓርቡን በቀይ አስምራበታለች፤ ሰዓቱንም በእኛ አቈጣጠር ለውጣዋለች።

ደወሌ ላይ ሻንጣ የሚፈትሸው ባለሥልጣን ወረቀቱን ገልጦ ብዙ ጊዜ አየው። «ይህ ሁሉ ቍጥር ምንድን ነው?» አለኝ።

«ባሕሩ የሚሞላበት ሰዓት ነው» አልሁት።

«የት ነው የሚሄዱት?»

«ድሬዳዋ።»

ወደ ፊቴ፣ ከዚያም ወደ ወረቀቱ ተመለከተና «ድሬዳዋ ባሕር የላት፤ ምን ያደርግልዎታል?» ብሎ መለሰልኝ። እኔም አጥፌ ከፓስፖርቴ ውስጥ ከተትሁት።